ሌዊ ጓንቱን ሲፈልግ

"ልጅ ቤንች ላይ ቁጭ ብሎ አያድግም!" አለ ከፌደራል ዌይ ከተማ የመጣው ዱሬሳ። የሌዊ የበረዶ ሆኪ ቡድን ለአሥረኛ ጊዜ እየተሸነፈ ነበር። "ዛሬ ካልገባ መቼ ሊለምድ ነው?"

"ገና ለጋ ነው እኮ" አለ አብሮት የመጣው የቤተ ክርስቲያን ወንድም። "ቅድም ሲያሟሙቁ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ሲያላትሙት አላየህም?"

"ወዲያው ተነሣ አይደል እንዴ? ሶ፣ ለምን ይቀመጣል? እህት የምሥራች፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

የምሥራች የሌዊ እናት ናት። አሰልጣኙ ልጇን እንዲያሰልፍላት ሦስት ቀን ጾማለች፤ ለምእመኑም የጸሎት ርዕስ አድርጋ ሰጥታለች። አሁን ግን ዓይኗ ከሌዊ አልነቀል አለ። ልጁ አጎንብሶ ቤንቹ ሥር የሆነ ነገር ይፈልጋል። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ እየሳቀ የሌዊን እጅ ይዞ ከፍ አደረገለት፤ የሚፈልገው ጓንት እጁ ላይ ነበር። ሌዊ ጓንቱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያም እንደገና አጎንብሶ መፈለጉን ቀጠለ።

የምሥራች ቦርሳዋን ጥላ ተነሣች። በዚያው ቅጽበት አሰልጣኙ የሌዊን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወደ በረዶው ላከው።

"ጌታ ሰማን!" ብሎ ዱሬሳ ብድግ አለ።

"ሌዊ!" ብላ የምሥራች ጮኸች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። ሁለቱ ወንድሞች የደስታ ጩኸት መሰላቸው። "ሌዊ! ሌዊ!" እያሉ ተቀበሏት፤ ረድፉም ሁሉ እያጨበጨበ ተከተላቸው።

ሌዊ በረዶው መሃል ቆመ። ሌዊ የሚሉት ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።