የመጨረሻው ገጽ ፎቶ

ማተሚያ ቤቱ እንደገና ደወለ። «ወንድሜ፣ ማሽኑ አንተን ብቻ ነው የሚጠብቀው!»

«ደረሰ፣ ደረሰ» አለ ዲዛይነሩ። አልደረሰም። የዘፋኙ የቢተው አዲስ አልበም ሽፋን አልቋል፤ የግጥሞቹ ገጾችም አልቀዋል። ያስቸገረው የመጨረሻው ገጽ ነው። «ይህን ቀን ሳታይልኝ በሞት ለተለየችኝ እናቴ መታሰቢያ ይሁንልኝ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የሚገባው ፎቶ ትንሽዬ ጉርድ ናት። ገጹን እንድትሞላ ሲለጥጣት የሴትየዋ ፊት ይደበዝዝበታል። ቢተው ጋ ደወለ።

«ሌላ የለኝም አልኩህ እኮ! እንዳለ አትመው» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

እንዳለ? ሥራው ሲበላሽ የሚሰደበው ማን ሆነና! ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ፎቶውን ገለበጠው። ከጀርባው የአንድ የክፍለ ሀገር ፎቶ ቤት ማኅተም ከነስልክ ቁጥሩ አለ። ምናልባት ኔጋቲቩ ቢኖራቸው ብሎ ደወለ።

«የቢተው እናት?» አለ ባለፎቶ ቤቱ። «ኔጋቲቭ ምን ያደርግልሃል? ጎረቤቴ አይደሉ እንዴ! ቆይ ልጥራቸው።»

ዲዛይነሩ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ ሳይነቅል ጠበቀ።

«ለካሴቱ ነው አለኝ፤ እውነት ነው የኔ ልጅ?» አለ የሚያለከልክ የሴት ድምፅ። «እኔ እኮ ቢተው ረሳኝ ብዬ ነበር። ያንን ፎቶ ተወው፤ ለመታወቂያ ተጣድፌ የተነሳሁት ነው። አሁኑኑ ሌላ እነሳለሁ። ብቻ እስቲ ጠይቅልኝ፣ ምን ለብሼ ልነሳለት?»