የሌለችው ሞዴል

ባልና ሚስቱ በስልክ ቀሚስ ይሸጣሉ። ሚስት ትሰፋለች፣ ትተኩሳለች፣ ታሽጋለች። ባል ፎቶ ያነሳል። ሱቅ የላቸውም፤ ያላቸው ከሳሎኑ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍልና የባል ምላስ ነው።

ሞዴል መቅጠር እንደማይችሉ ገና ሲጀምሩ ገባቸው። ስለዚህ ባል ኤአይ የሚሉትን ጉድ ስልኩ ላይ ጫነ። «ቀሚሱን መስቀያ ላይ አንጠልጥዬ አነሳዋለሁ፤ ለባሿን ልጅ ፈጥሮ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል» አላት።

መጀመሪያ ላይ የጨረሰው ደንበኞቹን ነበር። ማሽኑ ለልጅቷ ሦስት እጅ ያበቅልላታል፤ ቀሚሱም ሰውነቷ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ይመስላል። ከርሞ ግን ተሻሻለ። አንገቷ መቃ የሆነ ልጅ ቀሚሱን ለብሳ፣ ጨርቁ ከዳሌዋ ላይ እንደ ውሃ እየወረደ፣ ኮራ ብላ ትቆም ጀመር። ገዢው ጎረፈ።

«ምን አድርገህለት ነው?» አለችው ሚስት።

«ለመደ» አለ ባል።

ነገር የመጣው በካውያ በኩል ነው። አንድ ቀን ሚስት ከፎቶ ክፍሉ የተመለሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ልትተኩስ ዘረጋችው። ከወገቡ በታች፣ ሰው ቁጭ ሲልበት እንደሚሆነው ተጨማዷል። መስቀያ ደግሞ ቁጭ አይልም። አነሳችና አሸተተችው። የጡንቻ ቅባት ይሸታል።

ወዲያው ለታላቅ እህቷ ደወለች። እህትየዋ ደጋግማ አግብታ ደጋግማ የፈታች ስለሆነች በባል ጉዳይ ራሷን እንደ ሊቅ ነው የምታየው።

«የጡንቻ ቅባት? አለቀልሽ። ስፖርተኛ ናት።»

«የምን ስፖርተኛ፣ እትዬ?»

«ጂም የምትውል ናታ! ብታገኚያት እንኳ እጅሽን እንዳትሰነዝሪ፤ ትሰብርሻለች።»

ማታ ባሏን በእራት ሰዓት ያዘችው። «ማሞቂያውን ከመኝታ ቤት ወደ ፎቶ ክፍል ምን ብለህ ነው የወሰድከው?»

«ካሜራ ብርድ አይወድም» አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

«ባለ ስፖንጁን ወንበርስ?»

«እሱ... ለመብራቱ ነው።»

ውሸት እንኳ በቅጡ የማይችል ሰው ነው። ይኸው ነበር ሲያጫት የወደደችለት።

አማቷም አብረዋቸው ይኖራሉ። ቀሚሶቹን ዓይናቸው ሊያይ አይወድም። እጅጌ የሌለው በመጣ ቁጥር «ጨርቅ አልቆባችሁ ነው?» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ግን መነጽራቸውን ሰክተው በልጃቸው ስልክ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ ይገኛሉ።

«ቀሚሱ ቀሚስ አይባልም» አሉ በማግስቱ። «የልጅቷ አቋም ግን፣ እውነት ይነገር፣ የጨዋ ልጅ አቋም ነው።»

«እማማ፣ እሷ እኮ የለችም» አለች ሚስት፣ ልታወጣጣቸው።

አማት መነጽራቸውን አወለቁ። «የለችም?»

«ማሽን ነው የፈጠራት።»

«አፍሽን ያዢ! እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም ውላ፣ እንዲህ ለፍታ፣ ጭራሽ የለችም ትባል?» ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ።

ሚስት ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያውቋታል! ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ወደዋታል። እሷን ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ፣ አቋምሽ ያምራል ቀርቶ ወጥሽ ይጣፍጣል ብለዋት አያውቁም።

«የቤተሰብ ሴራ ነው» አለች እህትየዋ፣ ነገሩ ሲነገራት እየበረረች መጥታ። «ሳይቃጠል በቅጠል! ልብስሽን ሸክፊ።»

ሸከፈች። ሴቲቱን በዓይኗ አይታ፣ ቤቱንም ባሏንም ትታ ከእህቷ ጋር ልትሄድ ቆረጠች። ሻንጣውን ስትዘጋ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ያንን ውሸት የማይችል ሰው ትወደዋለች። ይህን ለእህቷ አልነገረቻትም። ብትነግራት ትገላት ነበር።

አማቷንም አብራ ልታፋጥጣቸው ፈልጋ ነበር፤ እሳቸው ግን ምሳ እንደበሉ «ጎረቤት ልጠይቅ» ብለው ወጥተዋል።

«ክር ልገዛ ነው!» ብላ ጮክ ብላ በሩን ዘግታ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ከእህቷ ጋር በጓሮ በኩል ተመለሰችና ሁለቱም ጆሯቸውን ፎቶ ክፍሉ በር ላይ ለጠፉ።

«አገጭሽን ቀና አድርጊ፣ የኔ ቆንጆ» ይላል ባል ከውስጥ። «እንደሱ! ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊው እስቲ፣ ዚፑ እምቢ አለኝ።»

የሴት ሳቅ ተሰማ።

«የኔ ቆንጆ አላት!» አለች እህት በሹክሹክታ።

«ደንቆሮ አይደለሁም፣ ሰምቻለሁ።»

«ሚስትህ ብትደርስብንስ?» አለች ሴቲቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምን ይውጠኛል?»

«ክር ልትገዛ ሄዳለች፣ አይዞሽ። ደግሞ ያላንቺ ይህ ቤት አንድ ቀን አይቆምም።»

እህትየዋ ለስፖርተኛዋ መመከቻ እንዲሆናት አንድ ጫማዋን አወለቀች። ሚስት ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩን በትከሻዋ በረገደችው።

«ከመጣሽ አይቀር በሩን ዝጊውና ዚፑን ሳቢልኝ» አሉ፣ ቀዩን እጅጌ የለሽ ቀሚስ ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ ቀጥ ብለው የቆሙት አማቷ።