«ካሜራ አስገጥሚ» እያሉ የነዘነዟት የግቢ ጥበቃ

«ዛሬም ሳታስገጥሚ መጣሽ?»

ፈቲያ የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አደረገች...

ኤርፖርት ካርጎ አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ ነው ያደረችው። እግሯ አብጧል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው... መኪናዋን አቁማ አልጋዋ ላይ መውደቅ።

ጋሽ ይሕደጎ ግን ከመስኮቷ ንቅንቅ አላሉም።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና የኋላ ካሜራ ያስፈልጋታል።»

«ጋሼ፣ ይቺ ቪትስ እኮ ሃያ ዓመት አልፏታል! ለእሷ ብዬ ደግሞ ካሜራ ልግዛ?»

«ያረጀ መኪናም ሰው ይገጫል።»

ጋሽ ይሕደጎ ለሚ ኩራ ውስጥ የአንድ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ ናቸው።

ስድስት ዓመት ሙሉ የብሎኩን መኪና ሁሉ «ነይ... ነይ... ትንሽ ወደ ግራ... በቃ!» እያሉ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ማቆሚያው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላው በኩል ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ።

ሰዉም በመስኮት የሻይ ይሰጣቸዋል። ቤታቸውን ደግፋ የያዘችው ከደሞዛቸው ይልቅ ያቺ የሻይ ነበረች።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሰውዬው ተለወጡ።

መኪና ሲመጣ ዞር ይላሉ... ሲጠሩም መልሳቸው አንድ ነው። «ካሜራ አስገጥሙ።»

አድራሻ ሳይቀር ይሰጣሉ። «ገርጂ መሐሪ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ። ይሕደጎ ልኮኝ ነው በሉት።»

ጎረቤቷ ቲጂ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች።

«አልገባሽም እንዴ? ኮሚሽን አላቸዋ! እኛንም እንደዚሁ ነዝንዘው ነዝንዘው ነው ያስገጠሙን።»

ፈቲያም አመነች። ደክሟት ስለነበር ማመኑ ቀለላት...

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፈቲያ እንደልማዷ ዝላ ከሥራ ገባች። ልጆች ሜዳውን ሞልተውታል። ጥሩምባ ነፋች።

«ጋሼ፣ ያስገቡኝ!»

«ወርደሽ ኋላሽን አይተሽ ግቢ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ተቀጠሩ? ከደከመዎት ሥራውን ለሚችል ይልቀቁ!»

ጋሽ ይሕደጎ ቀስ ብለው ሄደው ከመኪናዋ ኋላ ቆሙ።

«ነይ... ነይ... ነይ...»

ቋ!!

ልጅ ጮኸ።

ፈቲያ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። የኋላ ጎማዋ ሥር ባለ ሦስት እግር የልጅ ሳይክል ተጨፍልቋል። የአራት ዓመቷ ኣርያም ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ታለቅሳለች። ኳስ ልታነሳ ገና መውረዷ ነበር። አንድ ጭረት እንኳ አልነካትም...

«አላዩም እንዴ?! ፊትዎ እኮ ነው ያለው!»

ጋሽ ይሕደጎ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«አስገጥሚ አላልኩሽም... አስገጥሚ አላልኩሽም ልጄ...»

ፈቲያ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር በቀጥታ ወደ ገርጂ ነዳች።

መሐሪ ሥራውን አያጣድፍም። ከታርጋው በላይ በድሪል በሳ፣ ካሜራውን አሰረ። ሽቦውን በምንጣፉ ሥር ስቦ ፊት እስከተገጠመው ስክሪን አደረሰው። ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገባ እንዲበራም ከኋላው መብራት ጋር አገናኘው።

ፈቲያ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። በመጨረሻ አላስቻላትም።

«ለመሆኑ ለጋሽ ይሕደጎ በአንድ መኪና ስንት ነው የምትሰጣቸው?»

«የምን?»

«ኮሚሽን ነዋ።»

መሐሪ የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ።

«እህቴ... እሳቸው ከእኔ አምስት ሳንቲም ወስደው አያውቁም። እንዲያውም እየመጡ ‹ደሞዝተኞች ናቸው፣ ቀንስላቸው› ብለው ነው የሚለምኑኝ።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«አልነገሩሽም ማለት ነው...»

ትንሽ አመነታ።

«የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ግላኮማ ነው። ቀኝ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። ግራውም ጭላንጭል ነው።»

ፈቲያ ከዱካው ተነሳች።

ዓይናቸው የማያየውን ሰውዬ... በጥሩምባ ጠርታ፣ ሰድባ፣ ከመኪናዋ ኋላ ያቆመቻቸው እሷ ናት።

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ?»

«ቢናገሩ በማግስቱ ይሰናበታሉ። ዝም ቢሉ ልጅ ያስገጫሉ። ‹ሁሉም ካሜራ ካስገጠመ የእኔን ዓይን የሚፈልግ አይኖርም፤ በር መክፈት አያቅተኝም› ይሉኝ ነበር። የሻይዋ እንደምትቀርባቸው እያወቁ...»

«ስንት መኪና ቀርቷል?»

«ያንቺ የመጨረሻዋ ናት።»

ፈቲያ ወደ ግቢው ስትመለስ በሩን የከፈተላት የማታውቀው ሰው ነበር።

«ጋሽ ይሕደጎስ?»

«ለቀው ሄዱ። ዓይኔ አያይም ብለው ለኮሚቴው ራሳቸው ተናገሩ። ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፈቲያን አንድ ቃል እንዳትናገሯት› ብለው ቁልፉን አስረከቡ።»

እዚያው መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ ደወለች።

«ጋሼ... ፈቲያ ነኝ።»

«አስገጠምሽ?»

«አስገጠምኩ። አፉ ይበሉኝ ጋሼ... ወላሂ አላወቅኩም...»

«ተይው ልጄ። ጥሩ ያሳያል?»

«ጥርት አድርጎ ያሳያል።»

«ተመስገን... በቃ ተመስገን።»

«ሰኞ የዓይን ቀጠሮ እንዳለዎት መሐሪ ነግሮኛል። እኔ ነኝ የምወስድዎት።»

«አድረሽ ነው የምትመጪው፣ ይደክምሻል።»

«ይድከመኝ።»

«እሺ ልጄ... ሰኞ እጠብቅሻለሁ።»

ቤተሰብ... ነዝናዛ ያልነው ሰው ሁሉ ጥቅሙን እያሳደደ አይደለም። የገዛ እንጀራውን በእጁ እየቆረጠ የሰው ልጅ የሚያተርፍም አለ። ሰው አንድ ነገር ሲደጋግምብን «ምን ፈልጎ ነው?» ከማለታችን በፊት «ምን ሆኖ ነው?» ብንል ስንቱን ከመበደል በዳንን!

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... ጋሽ ይሕደጎ ገና ከመጀመሪያው እውነቱን መናገር ነበረባቸው? ወይስ ጥፋቱ ሳንጠይቅ የምንፈርደው የእኛ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ አንድ በአንድ አነበዋለሁ።