ለባየ ደውሉ

የሞጣው ኮሌጅ ራውተሮች ተዘርፈው ስላለቁ፣ መምህርቷ የድሮውን የላብ ኮንፊገሬሽን ፋይል፣ ማለትም ራውተሮቹ የሚታዘዙበትን ጽሑፍ፣ ላፕቶፕ ላይ ራውተር ለሚያስመስል ፕሮግራም እያስማማች ነበር። የፖርቶቹን ስም ለወጠች፤ ፕሮግራሙ አላውቀውም ያላትን ትእዛዝ ሁሉ ሰረዘች። በመጨረሻ፣ ፋይሉን የጻፈው ባልደረባዋ ባየ ለተማሪዎቹ በላቲን ፊደል የተወው መልእክት ብቻ ቀረ። «ከተበላሸባችሁ አትነካኩት፤ ለባየ ደውሉ» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ አለ።

ጣቷ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ቆመ። ባየ ለቢቸና ሚኒባስ ከተሳፈረ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ ባየን ያየ የለም። ስልኩ ዝግ እንደሆነ እያወቀች ደወለች። ጠራ።

«ሃሎ» አለች አንዲት ልጅ እግር ሴት።

«ባየ... ባየ አለ?» አለች መምህርቷ።

«እኔ አላውቃቸውም፣ እህቴ። ይህን ቁጥር በአዲስ ሲም ያወጣሁት ባለፈው ሳምንት ነው» አለች ልጅቷ። «እናታቸው ግን በየጧቱ ይደውላሉ። ነገ ሲደውሉ ምን ልበላቸው? ዛሬ ጨንቆኝ ‹ተኝቷል› ብላቸው፣ ‹ተመስገን! ተይው፣ አትቀስቅሽው› አሉኝ።»