«አየሁሽ» የተባለው ተከታይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን እንኳ ስጽፈው ከኋላዬ ሰው የሚያነብብኝ እየመሰለኝ ዞር ዞር እላለሁ።

ታናሽ እህቴ ስልኳ ፊት ተቀምጣ ኑሮዋን በማሳየት የምትተዳደር፣ ብዙ ተከታይ ያላት ሴት ናት። ለተከታዮቿ ውጭ አገር እንዳደገች ትነግራቸዋለች። እኔ ድንገት ካሜራው ውስጥ ከገባሁ «ረዳቴ ናት» ብላ ታልፈኛለች። አልቀየማትም፤ መታየት ድሮም አልወድም። አዲሱን ቤቷን ከእኔ በቀር ከዘመድ የሚያውቀው የለም። እናታችን «ለምን አትመጣም?» ብላ ስትጠይቀኝ «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ።

የምሠራው እሷ በምትታይበት መተግበሪያ ድርጅት ውስጥ ነው። አቤቱታ እያየሁ ሰው የሚያስቸግሩ አካውንቶችን እዘጋለሁ። ሶፍትዌር የሚጽፉት በፊት ለፊት በር ገብተው ፎቅ ላይ ይወጣሉ። እኛ በጓሮ ገብተን ምድር ቤት እንቀመጣለን፤ የእኛ መታወቂያ አሳንሰሩን አይከፍትም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ቶሎ ነይ። ያ ሰውዬ ዛሬም ገባ።»

ቤቷ ስደርስ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ስልኳን ሰጠችኝ። አካውንቱ ፎቶ የለውም፤ ስሙ «አየሁሽ» ይላል። ላይቭ በገባች ቁጥር ቀድሞ ይገባል፤ እሷ ሳትወጣ አይወጣም።

«ዛሬ እህል አልቀመስሽም፤ ታስታውቂያለሽ።»

«ከጀርባሽ ያለው መስኮት ክፍት ነው።»

«ብቻሽን ነው የምታድሪው?»

«ቤትሽን ባውቀው መጥቼ አይሽ ነበር።»



«ለምን ብሎክ አታደርጊውም?»

«ማን እንደሆነ ሳላውቅ? ብዘጋው በሌላ ስም ይመጣል። ይቺን ደግሞ እያት።»

«የግራ ጉልበትሽ አሁንም በብርድ ያምሻል?»

«ጉልበቴን ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል?» አለች። እሱ የምትለው የቀድሞ እጮኛዋን፣ ካሜራማኑን ነው። ኩባንያ ያለው ሰው ስታገኝ ትታዋለች። «አጻጻፉን እይው! ፊደል መግደፉ ራሱ የእሱ ነው።»

«እሱ እኮ ጭምት ነው።»

«የጭምትን ነገር ለእኔ ተይው! በሆዱ የያዘውን ማን ያውቅለታል? ነገ ላይቭ ላይ ስሙንም ፎቶውንም አወጣዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሠርግ ቅረጽልን ብሎ የሚጠራውን አያለሁ።»

«ከተሳሳትሽስ? የሰው እንጀራ እኮ ነው።»

«እንግዲያው አንቺ እወቂልኛ! እዚያ ምድር ቤት የተጎለትሽው ለምንድን ነው?»

እዚያው አቤቱታዋን ላከች። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አቤቱታዋ ወረፋ ላይ ነበር። የዘመድን ጉዳይ ማየት ክልክል ነው፤ ያስባርራል። ግን ዘመድነታችንን ማን ያውቃል? በአደባባይ ረዳቷ ነኝ።

ከፈትኩት። አካውንቱ የተመዘገበበት ስልክ ቁጥር ወጣ። የካሜራማኑ አልነበረም። ደግሜ አነበብኩት። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» ስትለኝ «ብርዱ ነው» አልኳትና «ይዘጋ» የሚለውን ተጫንኩ።

ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ።

«እሱ አይደለም። ልጁን ተይው።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«የማናውቀው ሰው ነው። ዘግቼዋለሁ፤ አለቀ።»

«እየሸፈንሽለት እንዳይሆን! እስቲ እናቴ ትሙት በይ።»



«ሃሎ? ሃሎ? አይሰማኝም» አልኩና ዘጋሁባት።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ እናታችን ዘንድ ሄድኩና፣ በሌላ ስም አዲስ አካውንት ከፈትኩላት።