ከጠረጴዛው ጀርባ

ሰርክአዲስ አንዱን ገመድ ስትስበው ሌሎቹም ተከትለውት መጡ። ከባሏ ከትዕዛዙ ጠረጴዛ ሥር የኮምፒውተሩ፣ የማተሚያው፣ የዋይፋዩ፣ የስፒከሩ ገመድ ሁሉ እንደ ሐረግ ተጠላልፎ አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። ባሏ በእንጅባራና በአካባቢዋ የሠርግ ቪዲዮ እየቀረጸ እቤቱ የሚያቀናብር ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን ማንም እንዲነካበት አይወድም። ትናንት ግን መዳህ የጀመረችው ልጃቸው አንዱን ገመድ አፏ ውስጥ ከትታ ስትገኝ ሰርክአዲስ ቆርጣ ተነሳች። ዛሬ ሕፃኗን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ትዕዛዙ ከሥራ ሳይመለስ ተንበረከከች።

ከአሮጌ ቀሚስ በቀደደችው ጨርቅ የተረፈውን ገመድ እየጠቀለለች ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረችው። እያንዳንዱን ከሶኬቱ እስከ ጫፉ በእጇ ተከተለችው። ሥራው እያማረላት ሄዶ በመጨረሻ አንድ ቀጭን ነጭ ገመድ ብቻ ቀረ። ይኼኛው እንደ ሌሎቹ ወደ ላይ አይወጣም፤ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ይገባል። እጇን ሰዳ ስትዳብስ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት አገኘች።

ውስጡ ስልክ ነበር። በአረንጓዴና በቢጫ ክር የተሠራ መያዣ ለብሷል። መያዣውን ታውቀዋለች፤ በኪሮሽ የሠራችው ራሷ ናት። የባሏ ታናሽ ወንድም ይኸነው ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ሲወርድ፣ አውቶቡሱ እስኪነሳ አብራው ቆማ የሰጠችው ነው።

መጀመሪያ ደስ አላት፤ ይኸነው የመጣ መሰላት። ወዲያው ግን ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ትዕዛዙ "ይኸነው ደውሎ ነበር፤ ሰላም ብሎሻል" ያላት ትዝ አላት። ስልኩ እዚህ ከሆነ በምን ደወለ?

በሩ ተከፈተ። ትዕዛዙ ካሜራውን ከትከሻው ሳያወርድ ደፉ ላይ ቆመ። የታሰሩትን ገመዶች አየ፤ ከዚያ እጇን አየ።

"ይኸነው የት ነው ያለው?" አለችው።

ካሜራውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"ትዕዛዙ፣ ወንድምህ የት ነው?"

"እዚያው ተቀብሯል" አለ። "ወባ ነው። አብሮት የሄደው ጓደኛው ደጉ ክረምት ሳይገባ መጥቶ ነገረኝ። ስልኩን ያመጣውም እሱ ነው።"

ሰርክአዲስ የሰማችውን ከወራቱ ጋር ልታገናኘው ሞከረች፤ አልገናኝ አላት። ክረምቱ አልፏል። መስቀልም አልፏል።

"ለመስቀል ይኸነው የላከው ነው ብለህ ለእናትህ ሻሽ ወስደሃል እኮ።"

"ወስጃለሁ።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ምን አደረግሁ?"

"ያንቺ ፊት አይደብቅም። እማዬ አንዴ ካየችሽ ታውቃለች። ሐኪሙ ልቧ ደካማ ነው፣ እንዳታስደነግጧት ሲል አብረን ነው የሰማነው። መርዶው ከደረሳት አብራው ነው የምትሄደው።"

"እሳቸው ሲደውሉስ?"

"እኔ አነሳዋለሁ። ድምፃችሁ አንድ ነው ይሉን የለ? እሷ ያለችበት ዘንገና ሐይቅ ዳር ደግሞ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ትንሽ አስቄያት እዘጋዋለሁ።"

እንዲህ ሲል ፊቱ እንደ ሌላ ጊዜው ነበር። ያስፈራት ይኸው ነው። እነዚያን ወራት ሁሉ ከዚህ ሰው ጎን ተኝታለች፤ ከአንድ መሶብ በልታለች፤ ደጋግማም "ይኸነውን ሰላም በልልኝ" ብላዋለች። "እሽ" ይላት ነበር።

ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ። "እናቴ" ይላል።

"ስጪኝ" አለ ትዕዛዙ። "ካላነሳሁት ትጨነቃለች።"

ከእጇ ወሰደው። ጉሮሮውን ጠረገና ፈገግ አለ፤ ይኸነው ሲያወራ እንደሚያደርገው ትከሻውን ሰበቅ አደረገ። ሰርክአዲስ ዘገነናት። አሮጌው ስልክ ድምፁ ከፍተኛ ስለነበር የአማቷ የእማማ ሸጋ ድምፅ እስከ ቤቱ ጥግ ይሰማል።

"ይኸነው?"

ትዕዛዙ አፉን ከፈተ። ሚስቱ እያየችው ነው። ድምፁ አልወጣም።

"ይኸነው?" አሉ ደግመው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዛሬስ የወንድምህ ድምፅ እምቢ አለህ አይደል፣ ትዕዛዙ?"



"እማዬ" አለ ትዕዛዙ በገዛ ድምፁ።

"ያጠባሁትን ልጅ ድምፅ ይጠፋኛል? ወንድም ወንድሙን ሆኖ የሚያወራው ለምን እንደሆነስ ይጠፋኛል? አንተ ብርታትህ እንዳይሰበር ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። እኔ ከሐይቁ አፋፍ እየተቀመጥኩ አልቅሼለታለሁ። ሰውም አላየኝ። አንተ ግን ስታለቅስ አልሰማሁህም።"

ትዕዛዙ ባለበት ተቀመጠ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

"ማነው አጠገብህ ያለ?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለች ሰርክአዲስ።

"እንኳን ኖርሽ። ያዥው እንግዲህ። ልጄ፣ በል አልቅስ። እየሰማሁህ ነው።"

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ልቅሶ አይመስልም ነበር፤ አንድ ከባድ ነገር ተጭኖት የሚያቃስት ሰው ይመስል ነበር። ቆይቶ የወንድሙን ስም ጠራ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። ከስልኩ ውስጥ እናቱ በአዊኛ ያንጎራጉሩ ጀመር። ሰርክአዲስ ቋንቋውን አትሰማም፤ ከመካከሉ ግን "ይኸነው" የሚለውን ለየች።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰችና ከባሏ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።