አንድ እጅጌ የጎደለው

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኩ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ።

ጡረተኛዋ ነርስ የሹራብ መርፌዎቿን አላቆመችም። ጭኗ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ብርቱካንማ ሻርፕ ተዘርግቷል። ያን ቀለም በሺህ ክር መሀል አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ራሱ ሱቅ ገብቶ ነበር የመረጠው፤ «ድንገት ብጠፋብሽ ከሩቅ እንድታይኝ» ብሎ። በዚያ ክር ሹራብ የሠራሁለት ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው። አንድ እጅጌ ሲቀረው እሱ ሞተ። እንዳለ አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

«ከትርፍራፊው ከረጢት ነዋ!» አለች ነርሷ። «ደግሞ እንዴት ያለ ሱፍ መሰለሽ! ትናንት ስተረትረው ነው የዋልኩት፤ እጄ አልጠገበውም።»

እነዚያ ሁሉ ሌሊቶች የፈጁትን፣ እሷ በአንድ ቀን ተርትራዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ የቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት እየተሰበሰብን፣ ከየቤታችን በተረፈ ክር ለሕፃናት ማሳደጊያው ሻርፕ እንሠራለን። ክሩን እየዞሩ የሚሰበስቡት የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። በዚህ ሳምንት እኔ ጋ አድረው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «ቤትሽን ትንሽ ላቃናልሽ» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ዞሬ አየኋቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የቀረውን ብርቱካንማ ክር ያጠነጥናሉ።

«እትዬ፣ ማን ፈቀደልዎት?»

«ብል ከሚበላው ልጅ ይሙቀው ብዬ ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ይመለስልኝ።»

«ወይ ጉድ! ለአንድ ልቃቂት ክር ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ዝም በይ፤ እኔ በኩንታል አመጣልሻለሁ!»

«የተማረ ሰው እኮ ስስቱም በዘዴ ነው» አለች ሌላዋ። ሳቁ።

ይሳቁ። ስስታም ብባል ይሻለኛል። ሐዘኔን እንደ እህል አደባባይ የማሰጣ ሴት አይደለሁም። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ።

«ተዉአት» አሉ እትዬ። «የወንድሜ ሹራብ ነበር። ሳትጨርስለት ነው የሞተባት።»

ሳቁ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከንፈሯን መጠጠች። አንዷ ወንበር አቀረበችልኝ፤ ሌላዋ እንደ በሽተኛ ትከሻዬን ያዘችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት እጅ ይኸው መጣ።

«ማን ንገሪልኝ አለሽ?»

ከተጋባን ጀምሮ እትዬን አንቱ ከማለት ዝንፍ ብዬ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን የሰሙትም አልመሰሉ።

«ለእኔስ ወንድሜ አይደለም?» አሉ። «አንቺ ቁም ሣጥንሽን ትከፍቻለሽ፣ ታዪዋለሽ፣ ትዘጊያለሽ። እኔ ምን አለኝ? አንድ ሕፃን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎት ሲሮጥ ልየው ብዬ ነው።»

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«አልልም።»

«ታዲያስ!»

ነርሷ ቀይ ፊቷን ደፍታ መርፌውን ከሻርፑ መዘዘችና ሥራውን እጄ ላይ አኖረችው። የቀረበልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጫፉን ፈልጌ ሳብኩት። ረድፉ ከዳር እስከ ዳር ተፈታ፤ ቀጥሎ ሌላው። ክሩ እየተጠማዘዘ ከእግሬ ሥር ይከመር ጀመር።

እትዬ ተነሡ። ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው ጉልበታቸው ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጉኝ። ሁለት እጆቻቸውን አቀራርበው፣ ክር እንደሚጠመጠምበት ሰው ዘረጉልኝ።

ፊታቸውን ቀና ብዬ አላየሁም። ጫፉን አንስቼ እጃቸው ላይ መጠምጠም ጀመርኩ። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። አጠበቅኩት። ብርቱካንማው ክር ሥጋቸው ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ጣቶቻቸው ደም ሲሸሻቸው አየሁ።

አላላላሁትም። እሳቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም።